ከእናቷ አንገት ላይ

ያን ሰኞ ጠዋት ደብዳቤው ሲደርሳት፣ ምጥን የሰው ክንድ እያጸዳች ነበር።

ክንዱ የአንድ አስተማሪ ነው። አዲስ የተቀጠረበት ትምህርት ቤት የመምህራኑን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሊሰቅል ነውና፣ በጉርምስናው ዘመን ከክርኑ እስከ አንጓው ያስነቀሰው እባብ ለልጆቹ እንዳይታይ ለምኗል። እንዲህ ያለው ሥራ ድሮ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። አሁን ኤአይ የሚሉት መጥቶ ነገሩ ቀሏል። ምጥን ንቅሳቱን በማውሱ ቀይ ቀለም ትቀባና "አጥፋ" የሚለውን ትጫናለች፤ ማሽኑ ዙሪያውን ያለውን ቆዳ አይቶ፣ ያልነበረ ቆዳ ፈጥሮ ይሸፍነዋል። እባቡ እንኳን ሊናደፍ ዞር ብሎ ሳያይ ይጠፋል። ለዚህ ሥራ እጇ የተመሰከረለት ስለሆነ፣ ባለ ፎቶ ቤቱ ለደንበኛ ሲያስተዋውቃት "የነቃሾች ጠላት" ይላታል። ምጥን የሚለውንም ስም ያወጣላት እሱ ነው፤ ቁመቷ አጭር፣ ንግግሯ ቁጥብ፣ አበላሏ የወፍ ነው ብሎ። ስሙ ተጣበቀባት። የምትወደው ሰው ሳይቀር "ምጥኔ" ነው የሚላት።

የምትወደው ሰው ቀያሽ ነው። ከከተማው የሰባት ሰዓት መንገድ ርቆ፣ አዲስ መንገድ በሚወጣበት ተራራ ላይ በድንኳን ይኖራል። ስልክ እዚያ የሚሠራው አየሩ ሲፈቅድ ብቻ ነውና፣ የድርጅቱ ሾፌር በየሳምንቱ ዕቃ ሊጭን ከተማ ሲወርድ ደብዳቤያቸውን ያመላልሳል። ሁለት ዓመት እንዲህ ተዋደዱ። ሾፌሩ ፖስታውን ሲያቀብላት "መኪናዬ ዳገቱን እምቢ ያለችው በዚህ ክብደት ነው" እያለ ይቀልድ ነበር። ያን ሰኞ ግን አልቀለደም። ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ፣ ዓይኗን ሳያይ ወጣ።

"ምጥኔ፣

ቅዳሜ ከተማ ነበርኩ። ሳልነግርሽ የመጣሁት ላስደስትሽ ብዬ ነው። እናቴ የላክሽላትን ያንቺንና የእናትሽን ፎቶ አሳድጋ፣ ፍሬም አሠርታለት ነበር። 'አንተው አድርስላቸው' አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በራፉን ያላሳየሽኝን ቤት ሰው ጠይቄ አገኘሁት። አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ። እናትሽ በሩን ከፈቱልኝ፤ ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ግንባሬን ሳሙኝ። ከዚያ ፍሬሙን ከወረቀቱ ፈታሁት። ፎቶውን አየሁ፣ እሳቸውን አየሁ። አንገታቸው ላይ ያለው ንቅሳት ፎቶው ላይ የለም። እሳቸውም አዩት። እጃቸውን አነሱና አንገታቸውን ነካ ነካ አደረጉት፤ መኖሩን የሚያረጋግጡ ይመስል። ያን እጅ እስክሞት አልረሳውም።

ማን እንዳደረገው ጠየቅኳቸው። 'ልጄ የላከችው እንዳለሁ አድርጋ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም' አሉኝ። እኔ ግን አወቅኩ። እናቴ እንኳን የሰው አንገት ላይ፣ የአበባ ማስቀመጫ ላይ እንኳ ጭረት ማየት አትወድም። ቤት ሄጄ ጠየቅኳት። አላመነችም፣ አላስተባበለችም። ከዚያ ቤት ወጥቻለሁ፤ ተመልሼ አልረግጠውም።

ምጥኔ፣ በቤተሰቤ ስም ይቅር በይኝ። ይህን ነውር ይዤ ፊትሽን ለማየት አቅም ስላጣሁ ነው ሳላይሽ የተመለስኩት።"

ምጥን ሁለት ጊዜ አነበበችው። አጣጥፋ ከኪቦርዱ ሥር ከተተችው። ስክሪኑ ላይ የአስተማሪው ክንድ እንደ ሕፃን ገላ ልሙጥ ሆኖ ይጠብቃታል። አላለቀሰችም፤ ለማልቀስ እንኳ መብት ያስፈልጋል። ሰውየው እግሯ ላይ ወድቆ ይቅርታ የሚለምናትን ጥፋት፣ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሠራችው እሷ ነበረች።

*

ነገሩ የሆነው ከአራት ወር በፊት ነው።

የቀያሹ እናት ዳኛ ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተውም ሰው ሁሉ "ዳኛዋ" ነው የሚላቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በአንድ ትልቅ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ምጥን አንድ ጊዜ ቀያሹ ይዟት ሄዳ ታውቃለች። ሴትዮዋ በጥሩ ፊት ተቀብለዋት ነበር። የምጥን ዓይን ግን የሰውን ደግነት የሚያይበት ፋታ አላገኘም፤ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ከተደረደሩት ፎቶዎች ጋር ተጣብቆ ዋለ። ካባ የለበሱ አያቶች፣ ከረባት ያሰሩ አጎቶች፣ ዕንቁ ያጠለቁ አክስቶች። ስትወጣ ዳኛዋ እስከ በር ሸኝተዋት፣ ከእናቷ ጋር የተነሳችውን ፎቶ እንድትልክላቸው፣ ከመገናኘታቸው በፊት መልካቸውን መልመድ እንደሚፈልጉ ነገሯት።

የምጥን እናት ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት። አንገቷ ረጅም ነው፤ እሱ ላይ ሦስት መስመር ነጠብጣብ ንቅሳት እንደ ሐብል ዞሯል፣ አገጯ ሥር ደግሞ አንዲት ትንሽ ቅጠል አለች። ምጥን የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ የክፍል ጓደኛዋ እናት "ይቺ ሴትዮ እስር ቤት ነበረች እንዴ?" ብላ ስታንሾካሹክ ሰምታለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወላጅ ሲጠራ "እናቴ ሥራ ላይ ናት" ትል ነበር። እናቷ ለምን እንደማትጠራ አልጠየቀችም። ልጅቷም ንቅሳቱ ከየት እንደመጣ አልጠየቀችም። በሁለቱ መካከል እንዲህ ያለ ያልተጻፈ ውል ነበር።

ፎቶውን ምጥን ራሷ ፎቶ ቤቱ ውስጥ አነሳችው፤ ካሜራውን ጠብቆ ራሱ እንዲያነሳ አድርጋ ሄዳ እናቷ ጎን ቆመች። እናቷ ለዚያ ቀን ያለ የሌለ ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ሻርፗን ከአንገቷ ላይ ፈትታ ነበር የመጣችው። "ይታይ እንጂ፤ ካለኝ ነገር የሚያምረው እሱ ነው" ብላ ሳቀች። ምጥን ሸኝታት ተመልሳ ስትቀመጥ፣ የዳኛዋ ግድግዳ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። እናቷ በነዚያ ዕንቁ ባጠለቁ ሴቶች መካከል ተሰቅላ፣ ሰው ሲጠቋቆምባት ታያት። ቀዩን ቀለም በእናቷ አንገት ዙሪያ ቀባች። ተጫነች። አራት ደቂቃ አልፈጀም። ችግሩ፣ ማሽኑ የሰጣት አንገት የሃያ ዓመት ልጃገረድ አንገት ሆነ። ስለዚህ ምጥን የእናቷን ሽብሽቦች ከትዝታዋ እያወጣች አንድ በአንድ በእጇ ሣለቻቸው። እንዲህ አድርጋ እናቷን መልሳ ሠራቻት፤ ሥራዋም እጅግ ያማረ ነበር።

ከላከችው በኋላ ነው ወጥመዱ የገባት። አሁን ቤተሰቦቹ መገናኘት የለባቸውም። አንዴ እናቴ ታማለች አለች፣ አንዴ ጣሪያው እያፈሰሰ ነው አለች፣ አንዴም ያልነበረች አክስት ገደለች። ቀያሹ ሁሉንም አመነ። የሚያምን ሰው መውደድ እንዴት እንደሚያስፈራ ያወቀችው ያኔ ነው።

*

ያን ሰኞ አመሻሹ ላይ ቤት ስትገባ፣ እናቷ ሻርፗን አንገቷ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥማ አገኘቻት። ቅዳሜም እንዲሁ ነበረች፤ እሑድም። ሙቀት ነው። ያኔ ብርድ ብርድ አለኝ ብላት ነበርና ምጥን ነገሬ አላለችውም። አሁን ግን ዓይኗ እዚያ ላይ ተተከለ።

"ቅዳሜ ሰው መጥቶ ነበር?" ስትል ጠየቀች።

"መጥቶ ነበር" አለች እናቷ ድስቱን እያማሰለች። "ጥሩ ልጅ ነው። ጫማውን በር ላይ ጠርጎ ነው የገባው።"

ፍሬሙ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ ከነወረቀቱ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። ምጥን ሳህኖቹን አቀረበች። ራት በሉ። ማንኪያ ከሳህን ጋር ሲጋጭ የሚሰማበት ቤት ምን ያህል ባዶ እንደሆነ፣ ሁለት ሰው እያለበት ባዶ የሆነ ቤት ያላየ አያውቀውም።

ሾፌሩ ማክሰኞ ጠዋት ይመለስ ስለነበር መልስ መጻፍ ነበረባት። አምስት ወረቀት ቀደደች። በመጀመሪያው ላይ እውነቱን ጽፋው ነበር። በሁለተኛው ላይ ግማሹን። ወረቀቱ እየተቀደደ በሄደ ቁጥር እውነቱም እያነሰ ሄደ፤ በመጨረሻ ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ጥሩምባ ሲነፋ እጇ ላይ የቀረው ሁለት መስመር ነበር፤ "አይዞህ፣ እኔ ባንተ አልተቀየምኩም። እናትህንም ይቅር ብያታለሁ።"

መኪናው ከታጠፈ በኋላ የጻፈችው ነገር ጆሮዋ ላይ ጮኸ። ጥፋቷን በሰው ላይ ማላከክ አንድ ነገር ነው። አላክካ፣ በዚያ ላይ ይቅር ባይ መሆን ግን ሌላ ነው። መንገዱ ዳር ቆማ አቧራው እስኪረጋ ጠበቀች፤ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ግን አልረጋም።

*

በአሥረኛው ቀን፣ ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ ዳኛዋ ፎቶ ቤት መጡ።

ባለ ፎቶ ቤቱን ለጥቂት ደቂቃ እንዲተዋቸው ጠየቁት። ሰውየው በገዛ ቤቱ መባረሩን ያወቀው በር ላይ ሲደርስ ነው። ደንበኛ የሚነሳበት፣ ሰማያዊው መጋረጃ ፊት ያለው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከስተዋል። ስልካቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ምጥን የላከችላቸውን ፎቶ ከፈቱና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ይኸው፣ የላክሽልኝ ቀን እንኳ አለበት" አሉ። "ከማሳደግ በቀር ምንም አላደረግኩትም።"

ምጥን ቀኑን አየችው። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ዳኛዋ ልጃቸው የመጣ ዕለት ሁለት ቃል ሳይናገር ነገሩ እንደገባቸው ነገሯት። እሷ በዚህ ሥራ የታወቀች መሆኗን ከልጃቸው አፍ በኩራት ሰምተውታል። እሱ ግን በንዴት ታውሮ የሚያውቀውን ሁሉ ረሳው።

"ለምን አልነገሩትም?" አለች ምጥን።

"ብነግረው አንቺን ያጣል። ዝም ብል እኔን ያጣል። እኔ ብቻዬን መቀመጥ ለምጃለሁ፣ ለእኔ ይቀላል አልኩ።" ወደ ጉልበታቸው አዩ። "ለካስ አልለመድኩም።"

ከዚያ ስልካቸውን አንስተው ልጃቸው ትናንት የላከላቸውን መልእክት አነበቡላት። ምጥኔ እንኳ ይቅር ብላሻለች፣ አንቺ ግን ዛሬም ጥፋትሽን አላመንሽም ይላል።

"ሠላሳ ዓመት ስፈርድ ኖሬአለሁ" አሉ። "ባልሠራሁት ነገር ይቅርታ ሲደረግልኝ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ምን ብዬሽ ነው ልጄ? ፊቴ ነው ያስፈራሽ?"

"ፎቶዎቹ ናቸው" አለች ምጥን። "ሳሎንዎ ውስጥ ያሉት። እናቴን እዚያ መካከል ሳስባት፣ ሰው ሲጠቋቆምባት ታየኝ።"

"እናትሽ ላይ እስካሁን የጠቆመ ሰው አንድ ነው" አሉ ዳኛዋ።

ድምፃቸው አልከረረም። የባሰው እሱ ነበር። ቢቆጧት ትሸሸግበት ነበር።

ሲነሱ ወንበሩ ከፍ ስላለባቸው ምጥን ክንዳቸውን ደገፈቻቸው፤ እሳቸውም እጇን አልገፉም። ለልጃቸው ምንም እንደማይነግሩት፣ የሰው ጥፋት ይዘው ሊያስታርቁት እንደማይፈልጉ ተናገሩ። "ልጄን ግን እፈልገዋለሁ" አሉ። ወጥተው ከሄዱ በኋላም ያቺ ቃል ክፍሉ ውስጥ ቀረች፤ ምጥንም ከእሷ ጋር ብቻዋን መቀመጥ አልቻለችም።

*

ባለ ፎቶ ቤቱን አስፈቅዳ በቀጥታ ወደ ቤት ሄደች። ቀትር ነበር። እናቷ ጡረታ ብትወጣም ለሠፈሩ ክሊኒክ አንሶላ ታጥባለች፤ ግቢው ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ነጭ በነጭ ተሰቅሏል።

"ደግ ጊዜ መጣሽ፤ ጫፉን ያዢልኝ" አለች እናቷ። አንሶላ ለሁለት ሲታጠፍ ደንብ አለው፤ ተራርቀው ይወጥሩታል፣ ከዚያ ተቀራርበው ጫፍ ከጫፍ ያገናኛሉ። ምጥን ሁለቱን ጫፎች ይዛ ግቢው ጥግ ድረስ አፈገፈገች።

"እማ፣ ንቅሳትሽን ከፎቶው ላይ ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አለች ከዚያው ሆና። "ሴትዮዋ እጃቸው የለበትም።"

እናቷ አንሶላውን አልለቀቀችም። ወጠር አድርጋ አራገፈችው። ከዚያ በዝግታ መጥታ ጫፏን ከልጇ ጫፍ ጋር ገጠመች።

"አውቃለሁ" አለች።

ያወቀችው ወረቀቱ እንደተፈታ ነው። የፎቶዋ አንገት ላይ ሽብሽብ አለ፤ አንደኛው በግራ በኩል ከጆሮዋ ሥር የሚነሳው ነው። የማያውቃት ሰው ያን ከየት ያመጣዋል?

"ታዲያ ለሱ ለምን..."

"ምን ልበለው?" አለች እናቷ። "ልጄ በእኔ ታፍራለች ልበለው? ለሰው ልጅ እንዲህ ይባላል? አንቺን ከማሳጣው እናቱን ልማ ብዬ፣ ዓይኔን ሳላሽ የማላውቃትን ሴት አሳማኋት። እኔም ላንቺ ስል ዋሸሁ።"

ምጥን የያዘችው ጨርቅ እጇ ውስጥ ተጨማደደ። ከዚያ በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ጠይቃው የማታውቀውን ጠየቀች፤ ማን ነው የነቀሰሽ አለቻት።

እናቷ መጀመሪያ የታጠፈውን አንሶላ ድንጋዩ ላይ አኖረች፤ ራሷም ጎኑ ተቀመጠች። ታላቅ እህት ነበረቻት። ሁለቱም በልጅነታቸው ክር ፋብሪካ ገብተው፣ በሠራተኞች ማደሪያ አንድ አልጋ ላይ ይተኙ ነበር። እህቷ በመርፌና በኩራዝ ጥቀርሻ፣ በሦስት እሑድ ሦስቱን መስመር ነቀሰቻት፤ እሷም ለእህቷ እንዲሁ አደረገችላት። ድንገት ብንጠፋፋ በዚህ እንተዋወቃለን ተባብለው ነው። ሦስተኛው መስመር ትንሽ የተወላገደው፣ እህቷ እየነቀሰቻት ስለምታስቃት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ታላቅየዋ ሌላ ከተማ ወዳለ ፋብሪካ ተዛወረች። እዚያ ትኩሳት ያዛት። ወሬው የደረሳት ከተቀበረች ከሁለት ወር በኋላ ነው።

"መቃብሯን አላየሁትም" አለች እናቷ። "ፎቶ የላትም። ያለችው እዚህ ነው።" ሻርፑን ሳትፈታ በጣቷ ጠቆመች። "አንገት የተፈጠረው ዞሮ ለማየት ነው ይላሉ፤ እኔ ባዞርኩት ቁጥር የማያት እሷን ነው። ያን ቀን ፎቶው ላይ ሳጣት፣ እንደገና ሞተችብኝ።"

ምጥን መሬት ላይ ተቀመጠች። ግንባሯን ከእናቷ ጉልበት ጋር አገናኝታ አለቀሰች፤ እንደ ልጅ፣ ትከሻዋ እየተርገበገበ። እናቷ እጇን ፀጉሯ ላይ አኖረች፤ አላሻሸቻትም፣ አላነሳችውምም። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። ያለችው አንድ ነገር ነው፤ "ያንቺን አንቺ ንገሪው። የእኔን ውሸት እኔ አደርሳለሁ።"

የተሰቀሉት አንሶላዎች በነፋስ ይነፋሉ፣ ይረግባሉ። እናትና ልጅ እዚያ ነጭ መካከል ተጠጋግተው ተቀመጡ፤ በዕድሜያቸው ሁሉ እንደዚያ ተራርቀው አያውቁም ነበር።

*

በማግሥቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተሳፍራ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ወረደች። ከመውረጃው እስከ ካምፑ ዳገት ነው። አናቱ ላይ ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ተተክሏል፤ ከኋላው አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ አንድ ዓይኑን ከመነጽሩ ጋር አገናኝቷል። ቀድሞ ያያት እሱ ነው። ቀና አለ፤ ተመልሶ አጎነበሰ፤ እንደገና ቀና አለ። ከዚያ መሣሪያውን ጥሎ ቁልቁል ሮጠ። አሥር እርምጃ ሲቀረው ግን ቆመ። ፊቱ ላይ ኃፍረት ነበር። እሱ ነበር ያፈረው፤ ምጥንን ከሁሉ ይልቅ የገደላት ይህ ነው።

"መምጣት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ" አለ።

"አትቅረበኝ" አለችው። "መጀመሪያ ስማኝ።"

ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነገረችው። ሳታሳምር፣ ሳታሳጥር፣ ከስምንት ዓመቷ ጀምራ እስከ ትናንቱ አንሶላ። እሱ ቆሞ ሰማት። ስትጨርስ ከደረት ኪሱ አንዲት የታጠፈች ወረቀት አውጥቶ ከፈታት።

"'እናትህንም ይቅር ብያታለሁ'" ብሎ አነበበ። "ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"እጅሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ፊደሎቹ ቀጥ ብለው ነው የቆሙት።"

እሱ ወረቀቱን መልሶ አጠፈው፣ ጥፍሩን በእጥፋቱ ላይ ደጋግሞ አሳለፈ።

"ፎቶውን ይቅር እልሻለሁ" አለ። "ፈርተሽ ነው። ይቺን ግን የት ላድርጋት? እናቴን ሁለት ሳምንት ጠላኋት፤ በየጠዋቱ ተነስቼ፣ ልክ እንደ ሥራ፣ ጠላኋት። አንቺ ደግሞ እዚያ ተቀምጠሽ ይቅር አልሻት።"

"እንዳላጣህ ብዬ ነው።"

"አሁንስ አላጣሽኝም?"

"አላውቅም" አለች።

"እኔም አላውቅም" አለ፤ ተቀመጠም። በመካከላቸው አንድ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ነበር። ከሥራቸው ያልተጠረገው መንገድ በቀይና ነጭ እንጨቶች ብቻ ምልክት ተደርጎበት ገደሉን ይዞ ይወርዳል። የማላውቀው ሌላ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቃት።

"እናቴ ያን ጊዜ አልታመመችም። ጣሪያችን አፍስሶ አያውቅም። የሞተችዋን አክስት ፈጥሬያት ነው።" ትንሽ አሰበች። "እውነተኛ አክስትስ ነበረችኝ። እኔ ሳልወለድ ነው የሞተችው። ትናንት ነው የሰማሁት።"

ከንፈሩ ፈገግ ሊል ቃጣ፤ ዓይኑ ግን አልተከተለውም። ተነስቶ እጁን ዘረጋላት፤ ከድንጋዩ አስነሳትና እጇን ለአንድ አፍታ ያህል ሳይለቅ ቆየ። መዳፉ አቧራ ነበረበት።

"ሂጂ አሁን፤ የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጥሽ" አለ። "ጻፊልኝ። ደስ እንዲለኝ ብለሽ ሳይሆን፣ የሆነውን ጻፊ። መልስ አትጠብቂ። ልመልስ ስችል እመልሳለሁ።"

ዳገቱን ስትወርድ ዞራ አየችው። መሣሪያው ጋ ተመልሷል፤ ግን አላጎነበሰም። ሁለቱም እጃቸውን አላነሱም። ርቀት መለካት የሰውየው እንጀራ ነው፤ ያን ቀን ግን በሁለቱ መካከል ያለውን ማንም ሊለካው አይችልም ነበር።

*

አንዲት ትንሽ ከተማ ላይ አድራ፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ ቤት ገባች። እናቷ ትናንት ብቻዋን ሁለት መኪና ተሳፍራ ዳኛዋ ቤት ሄዳ እንደነበር ነገረቻት። ምሳ ላይ ገብታ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው የወጣችው። ምን እንደተባባሉ አልተናገረችም፤ ዳኛዋ ማን እንደነቀሳት ጠይቀዋት ለሁለተኛ ጊዜ እንደተረከችው ብቻ ተናገረች። እዚያው እያለች የዳኛዋ ስልክ ጮኸ። ልጃቸው ነበር፤ ሲግናል ፍለጋ ተራራው ጫፍ ድረስ ወጥቶ። ሴትዮዋ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "አቤት ልጄ፣ አቤት" ከማለት በቀር ሌላ ቃል እንዳልወጣቸው እናቷ ስትነግራት የራሷም ዓይን ሞላ።

ምጥን ስልኳን አየች። እሷ ጋ አልደወለም።

ከሰዓት በኋላ እናቷ ስትተኛ፣ ግቢው ውስጥ ጥላ ፈልጋ ወረቀት ይዛ ተቀመጠች። የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል፤ መንገድ ላይ ሰዎች እየሳቁ ያልፋሉ። ሁሉም ሰው ወደሆነ ሰው የሚሄድ ይመስላታል። ደብዳቤ ስትጀምር "እኔ በጣም ደህና ነኝ" ማለት የሁለት ዓመት ልማዷ ነው። ያቺን ሐረግ ዘለለቻትና ምን እንደሚቀር አየች። ብዙም አልቀረም።

"ዛሬ ቅዳሜ ነው" ብላ ጻፈች። "እናቴ ከእናትህ ቤት ከተመለሰች ወዲህ ፊቷ ተፈትቷል። ለእኔ ግን ገና አልተፈታም። ምሳ ላይ ሦስት ቃል ተነጋገርን፤ ከሦስቱ ሁለቱ 'ጨው አቀብዪኝ' ናቸው። ስልኬን ሳይ ዋልኩ። አልተቀየምኩህም፤ ግን ጠብቄ ነበር። ፎቶ ቤት ሰኞ እገባለሁ። መመለስ አስጠልቶኛል።"

እዚህ ላይ ብዕሯ ቆመ። መጨረሻው ላይ "ናፍቀኸኛል" ልትል አሰበችና፣ ድሮ በየደብዳቤው ሥር ሳታስበው ትጽፈው እንደነበር ትዝ ስላላት፣ እውነት መሆኑን ለማወቅ ትንሽ ቆየች። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ጥላው እግሯን እስኪያልፍ ድረስ ጠበቀች።

እውነት ነበር። ጻፈችው።